በእንባ የዘራ ሰው፤ የሚስዮናዊው የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ሕይወት

ንባብ፤ መዝሙር 126። ወደ ዕብራውያን 11፥13-16።



የክርስቲያን እምነት የሚፈተነው በመከራ ቀን ብቻ አይደለም። መከራ ድንገት ሲመጣ ሰው ኀይሉን ሰብስቦ ይቆማል፤ ጎረቤትና ዘመድም ይደግፈዋል። ከዚያ ይልቅ እምነትን ቀስ በቀስ የሚያደክመው መዘግየት ነው። የተለመነው ሳይሰጥ፣ የተዘራው ሳይበቅል፣ የተጠበቀው ሳይመጣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ልብ ይዝላል። በናይሮቢ ከተማ በሁርሊንግሃምና በአካባቢው ለሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ቃሉን የምናገለግል እኛ ይህን ድካም በየቤቱ እናየዋለን። አንዱ ወደ ሌላ አገር የሚያሻግረውን ወረቀት እየጠበቀ ጕልማሳነቱ አልፏል። ሌላዪቱ እናትዋ በአገር ቤት ሞታ አፈር ሳታለብሳት ቀርታለች። ሌላውም የአብራኩን ክፋይ በባዕድ ምድር ቀብሯል። እነዚህ ወገኖቻችን እግዚአብሔርን አልካዱም፤ ነገር ግን ጸሎታችንና ድካማችን ሁሉ ለከንቱ ሆኖ ይቀር ይሆን እያሉ በልባቸው ይጠይቃሉ።

ለዚህ ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት መልስ ልንሰጥ እንወዳለን። ሰውየው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላል። የተወለደበትን አገር ትቶ አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ፣ ኋላም ዛሬ ኬንያ ወደምትባለው ምድር ስለ መጣ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ለምንኖር ለእኛ እንደ ቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ጥሪው

ክራፕፍ በ1810 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን በቩርተምበርግ ግዛት፣ በቱቢንገን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በዴረንዲንገን መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ጎረቤት ባልሠራው ጥፋት ክፉኛ ስለ ደበደበው ስድስት ወር ያህል ታሞ ተኛ። በዚያ የሕመም ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን እያነበበ ስለሚመጣው ዓለም አጥብቆ ማሰብ ጀመረ። ከዳነ በኋላ በቱቢንገን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ካርታ ሲመለከት በአዳልና በሶማሌ አገር በኩል የተጻፉት የቦታ ስሞች እጅግ ጥቂት መሆናቸው አስደነቀው። የትምህርት ቤቱ አለቃ ስለ ሚስዮናውያን ሥራ ለተማሪዎቹ ባነበበላቸው ጊዜ ደግሞ፣ ወንጌልን ይዞ ወደ ሩቅ አገር የመሄድ ሐሳብ በልቡ ተቀመጠ።

በ17 ዓመቱ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ወደሚገኘው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል እንደ ተማረ ስለ ጥሪው ጥርጥር አደረበትና ትቶት ወጣ። ወደ ቱቢንገን ተመልሶ ትምህርተ መለኮትን ፈጸመ፤ በመንደር ቤተ ክርስቲያንም የቄስ ረዳት ሆኖ አገለገለ። እግዚአብሔር ግን የጠራውን አልተወም። ፒተር ፊየልስቴት የተባለ ስዊድናዊ ሚስዮናዊ አግኝቶት ስለ መከረውና ስለ አበረታታው፣ ክራፕፍ የቀድሞ ጥሪውን ዳግመኛ ተቀበለ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ከጀርመን ሉተራውያን መካከል ብዙ ሠራተኞችን ይወስድ ነበርና፣ እርሱም በ1837 ዓ.ም. በዚሁ ማኅበር ስም ወደ ኢትዮጵያ ተላከ።

የተዘጉ በሮች

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐድዋ ደረሰ፤ በዚያም ኢዘንበርግና ብሉምሃርት የተባሉ ወንድሞች ይሠሩ ነበር። ጥቂት ወራት እንደ ቈየ በ1838 ዓ.ም. የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ሁሉንም ከአገር አስወጧቸው። ክራፕፍ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ከኢዘንበርግ ጋራ በታጁራ በኩል የአዳልን በረሃ አቋርጦ በ1839 ዓ.ም. ሸዋ ገባ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ተቀበሏቸው። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ ብቻውን ቀረና እስከ 1842 ዓ.ም. ድረስ በሸዋ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ የኦሮሞን ሕዝብ አወቀ፣ ቋንቋውንም ተማረ፣ ከወንጌልም ክፍል መተርጐም ጀመረ። ይህ ታላቅ ሕዝብ ወንጌልን ቢቀበል ብርሃኑ ለምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ ይደርሳል የሚል እምነት በልቡ ተተከለ፤ እስከ ሞቱም ድረስ አልለቀቀውም።

እውነቱን ለመናገር ክራፕፍ ስሕተት የሌለበት ሰው አልነበረም። በአገራችን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አባቶች ላይ አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ አጥብቆ ፈርዷል። ደግሞም በ1841 ዓ.ም. ሐሪስ የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ስለ ውል ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ በአስተርጓሚነት ረድቶታል። የነገሥታት ስምምነት ለወንጌል መንገድ ይጠርጋል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1842 ዓ.ም. እጮኛውን ለመቀበል ወደ ግብፅ ሲወርድ በወሎ ያለውን ሁሉ ተዘረፈ። ካገባም በኋላ ከሚስቱ ጋራ ወደ ሸዋ ልመለስ ቢል የታጁራ መንገድ ተዘጋበት። በሰው ክንድ ላይ የተደገፈ ተስፋ ብዙ ጊዜ ፍጻሜው ይህ ነው፤ ለእግዚአብሔር ሥራ በቅንነት የታሰበ ቢሆን እንኳ።

ሚስቱ ሮዚና ዲትሪሕ ከባዝል የመጣች ልበ ብርቱ ሴት ነበረች። በ1843 ዓ.ም. ሁለቱ በምጽዋ በኩል ወደ ትግሬ ለመግባት ጕዞ ጀመሩ። በሳሆዎች በረሃ ላይ ሳሉ ምጥ ያለ ጊዜው መጣባትና ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኒቱ ብዙ አልቈየችም። አባትዋ አጥምቋት ስምዋን በእኛው ቋንቋ በአማርኛ እንባ ብሎ ጠራት፤ በዚያም በረሃ ቀበሯት። ለሚሞት ልጁ ስም ሲፈልግ ከእናቱ ቋንቋ ይልቅ አማርኛ በአፉ የመጣለት ሰው፣ ቋንቋችንን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ አልነበረም፤ ሐዘኑን የሚናገርበት ቋንቋ ሆኖለት ነበር። ወደ ትግሬም መግባት ስለ ተከለከሉ ባልና ሚስቱ ባዶ እጃቸውን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ።

የሞምባሳው መቃብር

በሰሜንና በምሥራቅ ያሉት በሮች በተዘጉ ጊዜ ክራፕፍ ሌላ መንገድ ፈለገ። ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስ ዐሰበ። ከዓደን በመርከብ ተነሥተው በ1844 ዓ.ም. መጀመሪያ ዛንዚባር ደረሱ፤ ሡልጣን ሰይድ ሰዒድም የይለፍ ደብዳቤ ሰጡት። በሜይ ወር ከሮዚና ጋራ በሞምባሳ ተቀመጠ። ብዙ ሳይቈይም የስዋሂሊን ቋንቋ እየተማረ ኦሪት ዘፍጥረትን መተርጐም ጀመረ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የወባ ንዳድ ሁለቱንም ጣላቸው። በጁላይ ወር ሮዚና ሁለተኛ ሴት ልጅዋን ወለደች፤ ከጥቂት ቀናትም በኋላ ሞተች። ክራፕፍ ራሱ በንዳድ ተይዞ በአጠገብዋ ተኝቶ ስለ ነበር፣ መሞትዋን ለማረጋገጥ ከመኝታው የተነሣው በብዙ ጭንቅ ነው። ከእናትዋ ቀጥሎ ሕፃኒቱ ሞተች። ሮዚና ከመሞትዋ በፊት የለመነችው አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም በሞምባሳ ደሴት ሳይሆን ከባሕሩ ማዶ ባለው የብስ እንድትቀበር ነው። በዚያ የሚያልፉ መንገደኞች መቃብርዋን አይተው፣ የክርስቶስ አገልጋዮች ወደ አገራቸው ስለ ምን እንደ መጡ እንዲያስቡ ፈለገች። የሰዎቹን ቋንቋ ለመማር ጊዜ ያላገኘች ሴት በመቃብርዋ ልትሰብክላቸው ወደደች።

በ34 ዓመቱ በሁለት አገር ሁለት ልጆቹንና ሚስቱን የቀበረ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ቢመለስ ማን በወቀሰው ነበር? ክራፕፍ ግን ከሕመሙ ጥቂት እንደ ተሻለው ወደ ላኩት አባቶች ወደ ለንደን ጻፈ። ያ ብቸኛ መቃብር ሥራው እንዳበቃ ሳይሆን እንደ ተጀመረ ምልክት እንዲሆንላቸው ለመናቸው። ቤተ ክርስቲያን ወደ ድል የምትራመደው በልጆችዋ መቃብር ላይ እያለፈች እንደ ሆነም አሳሰባቸው።

ይህን የጻፈ ሰው ሐዘን የማይገባው ሰው ነበር ብለን እንዳንስት። በረሃ ላይ ልጁን እንባ ብሎ የሰየመ ያው አባት ነው። ልዩነቱ፣ መቃብሩን ሲያይ የመጨረሻ ደጅ አድርጎ አላየውም። ክርስቶስ ከመቃብር ስለ ወጣ፣ በክርስቶስ የሚያንቀላፉ ሁሉ እንደሚነሡ ያምን ነበር። ይህን የሚያምን ሰው ያለቅሳል፤ ካለቀሰ በኋላ ግን ሊሠራ ይነሣል።

በራባይ ኮረብታ ላይ

በ1846 ዓ.ም. ዮሐንስ ሬብማን የተባለ ወጣት የአገሩ ሰው ረዳት ሆኖ መጣለት። ሁለቱ ከሞምባሳ ወደ ውስጥ ባለው በራባይ ኮረብታ ላይ ለመቀመጥ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋራ ተስማሙ። በኦገስት ወር ወደዚያ ሲወጡ ሁለቱም በንዳድ ይሠቃዩ ነበርና፣ በአንዲት አህያ ላይ በየተራ እየተቀመጡ ወጡ። በኬንያ ምድር የመጀመሪያው የወንጌላውያን ሚስዮን ጣቢያ የተተከለው እንዲህ ባለ ድካም ነው።

መከሩስ ፈጥኖ መጣ? አልመጣም። ሰዎች ይሰሙና ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። ለእርዳታ ከተላኩት ወንድሞች አንዳንዶቹ ከመርከብ እንደ ወረዱ ብዙ ሳይቈዩ በንዳድ ሞቱ። አስቀድሞ ያመነው ምሪንጌ የተባለ በሰው ዘንድ የተናቀ አካለ ስንኩል ሰው ነበር፤ እርሱም ሊሞት ሲል ተጠምቆ ወደ ጌታው ሄደ። የዓመታት ድካም ፍሬ አንድ ነፍስ፣ እርሱም በሞት አፋፍ ላይ ያለ! ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ይህን ኪሳራ ይለዋል። ስለ አንዲት የጠፋች በግ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሚሄደው እረኛ ግን እንዲህ አይቈጥርም።

በዲሴምበር 3 ቀን 1849 ክራፕፍ በካምባ አገር በኪቱይ ሳለ ሁለት ነጫጭ ጫፎች ያሉትን ታላቅ ተራራ በሩቅ አየ። ተራራው በአገሩ ሰዎች የሚጠራበትንም ስም ጻፈ፤ አሁን የምንኖርበት አገር ስም ከዚያ የመጣ ነው። ሬብማንም ባለፈው ዓመት በ1848 ዓ.ም. በኪሊማንጃሮ ራስ ላይ በረዶ አይቶ ነበር። ወሬው አውሮጳ በደረሰ ጊዜ አንዳንድ ሊቃውንት በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ ከቶ ሊገኝ አይችልም ብለው ተሣለቁባቸው። ሁለቱ ግን ያዩትን አልካዱም። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ሌሎች ተጓዦች በኪሊማንጃሮ ወገብ ላይ ወጥተው በረዶውን አረጋገጡ፤ የተሣለቁትም አፈሩ።

እኛ በናይሮቢ የምንኖር ይህን ነገር በቀላሉ እንረዳለን። የኬንያ ተራራ ብዙውን ቀን በደመና ተሸፍኖ አይታይም። ሰማዩ በጠራበት ማለዳ ግን ጫፉ በሩቅ ብቅ ይላል። በደመናውም ቀን ተራራው ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ የተከለከለው የእኛ ዓይን ብቻ ነው። የዘለዓለም ሕይወት ተስፋም እንደዚሁ ነው። በጸሎት ወይም በቅዱስ ቍርባን ፊት አንድ ጊዜ በግልጥ የታየን ነገር በሐዘን ቀን ከዓይናችን ቢሰወር፣ ጠፍቷል ልንል አይገባንም።

በ1851 ዓ.ም. ክራፕፍ ዳግመኛ ወደ ካምባ አገር ሄደ። ኪቮይ የተባለ የካምባ አለቃ ወደ ጣና ወንዝ ሲመራው ሳለ ወንበዴዎች ወደቁባቸው፤ አለቃው ተገደለ፤ ጓደኞቹም ተበተኑ። ክራፕፍ ብቻውን በበረሃ ቀረ። ወደ ወንዙ ወርዶ በመነጽሩ የቈዳ ማኅደርና በጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ ውሃ ሞላ፤ አፈሙዙንም በሣርና በጨርቅ ወትፎ ሌሊት ሌሊት ይጓዝ ጀመር። በረኃብና በጥም ተጨንቆ፣ ብዙ ጊዜም ሞትን ፊት ለፊት አይቶ በመጨረሻ ወደ ራባይ ተመለሰ።

የተሰወረው ፍሬ

በ1853 ዓ.ም. ጤናው ፈጽሞ ስለ ደከመ ወደ አውሮጳ ለመመለስ ተገደደ። ከሞምባሳ ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ምዕራቡ ባሕር የሚደርስ የሚስዮን ጣቢያዎች ሰንሰለት አስቦ ነበር፤ ሲሄድ ግን ከኋላው የቀረችው አንዲት ራባይ ናት። በደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር መድረስም አልሆነለትም። ሬብማን በዚያችው ራባይ ብቻውን ጸንቶ ሚስቱን በዚያ ቀበረ፤ በመጨረሻም ዓይኖቹ ታወሩ። በ1875 ዓ.ም. ከ29 ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

ክራፕፍ ግን በአካል ያልደረሰበትን በጽሑፍ ሊደርስበት ተነሣ። በ1855 ዓ.ም. ከማርቲን ፍላድ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ተጕዞ አዳዲስ ሠራተኞች የሚመጡበትን መንገድ አዘጋጀ። በ1862 ዓ.ም. የሜቶዲስት ሚስዮናውያንን ወደ ኬንያ ዳርቻ መርቶ አመጣ። ከዚያ በኋላ በሽቱትጋርት አጠገብ በኮርንታል ተቀምጦ፣ አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኵሴ አስቀድመው የተረጐሙትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዳግመኛ ለማሳተም አረመ። ሩፎ ከተባለ ከባርነት ነጻ ከወጣ የኦሮሞ ወጣት ጋራም በኦሮምኛ ትርጕም ደከመ፤ ሩፎ ቀድሞት ሞተ፤ አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ ቋንቋ፣ በግእዝ ፊደል በ1876 ዓ.ም. ታተመ። ብዙ ዓመት የለፋበት የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት ግን የወጣው በ1882 ዓ.ም. ነው፤ እርሱ አላየውም። በኖቬምበር 26 ቀን 1881 በአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ሲጸልይ ሕይወቱ አልፋ ነበርና፣ እንደ ተንበረከከ ሞቶ አገኙት።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ አሁን ከዘራው ዘር የበቀለውን ተመልከቱ። ባሪያዎች ከጌቶቻቸው እየሸሹ ራባይን መጠጊያ አደረጓት። በ1875 ዓ.ም. ከሞምባሳ ማዶ ነጻ ለወጡ ባሪያዎች ፍሬር ታውን የተባለች መንደር ተቈረቈረች። ዛሬ በኬንያ ያሉት የአንግሊካንና የሜቶዲስት አብያተ ክርስቲያናት ጅማሬያቸውን ከእርሱ ሥራ ይቈጥራሉ። በእኛም ወገን እንዲሁ ነው። የጀርመን የሄርማንስቡርግ ሚስዮን በኢትዮጵያዊቱ ንግሥት በህንደኬ ስም የተሰየመች መርከብ ወደ ኦሮሞ ሕዝብ በ1853 ዓ.ም. ላከ፤ ሳይሳካለት ቀርቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ፤ ነገር ግን ከ70 ዓመት በላይ ቈይቶ መልእክተኞቹ ወለጋ ገቡ። ስዊድናውያን ሚስዮናውያንም ኦሮሞን ፍለጋ በ1866 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሱ፤ እነርሱም ከክራፕፍ ምክር የተቀበሉ ነበሩ። በዚያ ከባርነት ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋራ ደክሞ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 ዓ.ም. አወጣ። የክራፕፍ ትርጕም ጕድለት ስለ ነበረበት በአዲስ ተተካ፤ የለመነው ነገር ግን ተፈጸመ። በ1959 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተቋቋመች። በኬንያም በ1948 ዓ.ም. ስዊድናውያን ሉተራውያን በኪሲ አገር ሥራ ጀምረው ዛሬ ያለችው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። የዘራው አንድ ነበረ፤ ያጨዱት ብዙዎች ናቸው፤ የሁለቱም ደስታ ግን በአንድ ቀን ይሆናል።

እንግዲህ ምን እንላለን?

እንደ ክራፕፍ ብርቱ ሁኑ ብለን አንመክራችሁም። እንዲህ ብንል በደከመው ላይ ሌላ ሸክም እንጨምርበታለን። ክራፕፍ በወጣትነቱ በባዝል ጥሪውን ጥሎ የወጣ ሰው ነበር፤ ያጸናው የራሱ ብርታት አይደለም። በጥምቀት የያዘው ጌታ ስላልለቀቀው ነው። እናንተንም የያዛችሁ ያው ጌታ ነው። በእምነት መጽናት ማለት ጥርስን ነክሶ ብቻ መቆየት ሳይሆን፣ በየቀኑ ወደ ቃሉ፣ ወደ ኀጢአት ስርየትና ወደ ቅዱስ ቍርባኑ ባዶ እጅን ዘርግቶ መመለስ ነው።

ወረቀታችሁ የዘገየባችሁ ሆይ፤ የተዘጋ በር ሁሉ የእግዚአብሔር ቍጣ ምልክት አይደለም። ለክራፕፍ ዐድዋ፣ ታጁራና ትግሬ ባይዘጉበት ሞምባሳን ባልፈለገም ነበር። ይህን ስንል የእናንተ በር ነገ ይከፈታል ብለን በሰው ተስፋ አናታልላችሁም። ምናልባት በዚህ ዓለም አይከፈትም። የሚበልጠው በር ግን በክርስቶስ ደም ተከፍቷል፤ ማንም አይዘጋውም።

ሙታናችሁን በሩቅ የቀበራችሁ፣ ወይም ለመቅበር ያልታደላችሁ ሆይ፤ አልቅሱ፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ነገር ግን እግዚአብሔር በሳሆ በረሃ የተቀበረችውን ስም የለሽ የምትመስል ሕፃን በስምዋ ያውቃታል። እንባንና እኅትዋን፣ እናታቸውንም በትንሣኤ ቀን ሲጠራቸው የእናንተንም አይረሳም። በዚያን ቀን ከስሞች ሁሉ አንዱ ትርጕሙን ያጣል፤ እግዚአብሔር ከዓይኖች ሁሉ ያብሰዋልና።

ጌታ ሆይ፣ ሳናይ የምንዘራውን ዘር አንተ ጠብቅ፤ የዛሉትን እጆች አበርታ፤ በእንግድነት ምድር የሚኖሩ ልጆችህን እስከ መጨረሻው በእምነት አጽናቸው፤ ወደ ዘለዓለም ቤትህም በሰላም አግባቸው። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።